የቀይ ቀሚሷ ጥላ

ሟቿ ከጓሮው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ ተደፍታ ነበር። ስክሪን ላይ የምትስልበት የፕላስቲክ ብዕር ጥቅልል ፀጉሯ ውስጥ እንደተሰካ ነው። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ብዕሩን ብዙ አየችው፤ አልነካችውም።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅኑ። «ሴትዮዋ በኮምፒውተር አሻንጉሊት ትስላለች፤ ልጆች በስልክ ልብስ የሚቀያይሩላቸውን። ኮምፒውተሩ እንደመዘገበው፣ የመጨረሻው ሥዕል ላይ ከቀትር በኋላ ተሠርቷል። ስለዚህ እስከዚያ በሕይወት ነበረች። ባሏና ወንድሟ በጧት ወጥተዋል። ቤት ውስጥ የነበረችው ረዳቷ፣ ቀለም መራጯ ብቻ ናት። ልውሰዳት?»

«ቆይ እስቲ።»

ቀለም መራጯ ምድር ቤት፣ እጆቿን በጉልበቶቿ መሀል አጣብቃ ተቀምጣለች።

«ስመጣ ሁለቱም ወጥተው ነበር። ሙዚቃ ጆሮዬ ላይ ነው፣ እትዬ፤ ምንም አልሰማሁም። ቆሻሻ ልደፋ ስወጣ ነው ያየኋት።» ድምጿ ቀጠነ። «እናቴ አልጋ ላይ ናት። ዛሬ ካልገባሁ በር የሚከፍትላት የለም።»

«የልብሱን ጥላ አንቺም ትሠሪያለሽ?»

«ኧረ እኔ ቀለም ብቻ ነው የምመርጠው፤ በማውስ። ጥላው የእሷ ነው። ብዕሩም አንድ፤ ከፀጉሯ አይወርድም። ‹ባለ አንቴናዋ› ነበር የምንላት…» ልትስቅ ጀምራ እንባዋ ቀደማት።

ባልየው መምህር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ነበር። ወደ በሩ ገልመጥ ብሎ ድምጹን ዝቅ አደረገ።

«ትናንት ከወንድሟ ጋር ተጨቃጭቀዋል። ንድፉን የሚያወጣው እሱ ነው፤ ሥዕሎቹ ላይ ስሜ ይውጣ ይላል። እሷ ደግሞ ‹ጥላ ሳትማር ስም የለም› ትለዋለች። ያውም በሰው ፊት።»

ወንድምየው ዓይኑ ደም መስሏል።

«ካፌ ነበርኩ። በታብሌቴ ስስል ነው የዋልኩት፤ አስተናጋጁን ይጠይቁት። እታለም እኮ ናት ያሳደገችኝ!»

መርማሪዋ ፎቅ ወጥታ ሥዕሉ ፊት ተቀመጠች። ኮፍያ ያደረገች፣ ቀይ ቀሚስ የለበሰች አሻንጉሊት። ከወገቧ በላይ ልብሱ ትንፋሽ ያለው ይመስላል፤ እያንዳንዱ እጥፋት ይጎደጉዳል፣ ይነሳል። ከወገቧ በታች ያለው ጉርድ ግን እሳት እንደነካው ጨርቅ ጠቋቁሯል። ቀለም መራጯን አስጠራቻት።

«ምን ይታይሻል?»

ልጅቷ ቀረብ ብላ ጉርዱን አየችው። ከዚያ በሹክሹክታ መለሰች።

መርማሪዋ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሳጅኑ ከቀለም መራጯ ጎን አልተለየም።

«ከብዕሩ ልጀምር» አለች። «ሟቿ ስትወድቅ ፀጉሯ ውስጥ ነበር። እዚህ ቤት ሌላ ብዕር የለም። የዚህ ጉርድ ጥላ ደግሞ እየወፈረ እየቀጠነ የሚሄድ የብዕር ጭረት ነው፤ በማውስ አይወጣም። ሥዕሎቹ በኢንተርኔት የጋራ ማስቀመጫ ላይ ስላሉ፣ የይለፍ ቃሏን የሚያውቅ፣ የራሱ ብዕር ያለው ሰው የትም ሆኖ ይከፍታቸዋል።»

«ራሷ ሠርታ፣ ብዕሯን ሰክታ ወጥታ ቢሆንስ?» አለ ወንድምየው።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ልጄ፣ ለቀይ ልብስ ምን ጥላ ነው የምትመርጪላት?»

«ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ» አለች ቀለም መራጯ። «ጥቁር ክልክል ነው። ጨርቁን ይገድለዋል ትላለች።»

«ይሄ ግን ጥቁር ነው። የቤቱ ሁለተኛ ደንብስ?»

«ብርሃን ሁልጊዜ ከግራ ነው።»

ወንድምየው ወደ ስክሪኑ ጠቆመ። «ታዲያ የጉርዱ ብርሃን ከግራ አይደል እንዴ? ጥፋት ካለ ከላይ ያለው ነው!»

«ኮፍያዋን ይዩት» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «ሰባት ቁጥር አለበት። ወዴት ዞሯል?»

ሰባቷ የተገላቢጦሽ ነበረች። መርማሪዋ አንድ ነገር ተጫነች፤ አሻንጉሊቷ በመስታወት እንደሚያዩት ግራና ቀኟን ተለዋወጠች። ሰባቷ ቀናች። የላይኛው ልብስ ብርሃን ከግራ ሆነ። የጉርዱ ከቀኝ። አንዲት አሻንጉሊት፣ ሁለት ፀሐይ።

«ልጅቷ እንደነገረችኝ፣ ሟቿ ስህተቷን በአዲስ ዓይን ለማየት ሥዕሉን እንዲህ ትገለብጠው ነበር። ዛሬ ጧትም ገልብጣ ሳትመልሰው ጠሯት፤ ብዕሯን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ወጣች። ከዚያ በኋላ፣ በሕይወት ያለች ለማስመሰል ሥዕሉን የከፈተው ሰው ጉርዱን ብቻ አጉልቶ፣ ሰባቷን ሳያይ፣ ደንቡን በቃሉ ይዞ…»

«ገልብጣው ነበር?» አለ ወንድምየው።

ባልየው ቀስ ብሎ ዞሮ አየው። ሳጅኑ ከልጅቷ ጎን ተነሳ።

ወንድምየው ሳጅኑን አላየም። ስክሪኑ ፊት ሄዶ ቆመ፤ ጣቱ ጥቁሩን እጥፋት ተከትሎ ወረደ።

«ደረጃው ላይ ጠርቼ ስሜን ለመንኳት። ሳቀች። ገፋ ነው ያደረግኋት፤ ገፋ ብቻ…» ጣቱ ቆመ። «ከግራ ነው ያልኩት። እሷ እንዳለችኝ ከግራ ነው የሠራሁት።»