ደረቁ ጃንጥላ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና እንተማመን። ደብረ ታቦር ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ድሮ መድፍ በተሠራበት በጋፋት መንገድ ሲመሽ የብረት መቀጥቀጥ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ "ስንት ብርሌ ጠጥተህ ነበር?" ብዬ የምጠይቅ ነኝ፣ በዚህ ምላሴ ምክንያት ባለቤቴን ከዘመዶቿ ጋር ስንቴ እንዳቀያየምኳት እሷው ትንገራችሁ። አሁን የማወራችሁን ግን በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ፣ እመኑኝ፣ ባላየው ደስ ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምንሰበሰብ ጥቂት የጽሑፍ ወዳጆች አለን። የምንሰበሰበው አንዲት ደግ ሴት በምታውሰን የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ነው፣ ወንበሮቹ የልጆች ስለሆኑ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ያም ሆኖ እነዚያ ወንበሮች ላይ ተኮራምቼ የሰማኋቸውን አጫጭር ልብ ወለዶች የሚያህል የትም አልሰማሁም። አሠራራችን ቀላል ነው፣ እኔ ከስልኬ ላይ የጽሑፍ መነሻ ፈልጌ አመጣለሁ፣ "ያልተከፈተ በር"፣ "ጎረቤትህ የሌላ ሰው ድምፅ ይዞ ተመለሰ"፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን፣ ከዚያ የስልኬ ደወል እስኪጮህ ሁሉም አቀርቅሮ ይጽፋል፣ ሲጮህ እስክሪብቶ ይቀመጥና ተራ በተራ ይነበባል።

ከሁላችን በላይ የምትጽፈው ይታይሽ ናት። ገሳይ በምትባል ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፣ ሳምንት ሳይጎድል በሚኒባስ ተጨናንቃ ትመጣለች። አንድ ቀን "የተሰበረ ብርጭቆ" የሚል መነሻ ሰጥቻቸው ሁላችንም ስለ ሰባሪው ስንተርክ፣ እሷ ስብርባሪውን ስለምትጠርገው ሴት ጽፋ አነበበች። ቅናት አልያዘኝም ብል ውሸት ነው፣ ግን ከቅናቱ ይልቅ ኩራቱ ይበልጥ ነበር፣ እንዲህ ያለች ሰው የኛን ትንሽ ወንበር መርጣ መቀመጧ።

ባለፈው የካቲት ያመጣሁት መነሻ "አሁን አብሯችሁ የሌለ ሰው እቃ ይዛችሁ ኑ፣ ከክቡ መሃል አስቀምጡትና ስለ ሰውየው ጻፉ" የሚል ነበር። መጀመሪያ የጻፈው የየት አገር ሰው እንደሆነ አላውቅም፣ የኛን አገር ለቅሶ ግን አያውቅም፣ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እኛ ዘንድ የሰው ልብስና እቃ ከሰው መሃል የሚወጣው ባለቤቱ ሲሞት ነው፣ አልቃሿ ከፍ አድርጋ እያሳየች ሙሾ ታወርድበታለች። መልእክቱን በስልኬ ለሁሉም ስሰድ ይህ ነገር አንዴ እንኳን ትዝ አላለኝም።

የዚያን ቀን ሌሎቹ ምን እንዳመጡ ዘንግቼዋለሁ። ይታይሽ አንድ አቧራ የለበሰ፣ ደረቅ ጥቁር ጃንጥላ፣ አንደኛው ዘንጉ በሽቦ የታሰረ፣ አምጥታ ከመሃል ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠች። አያ ካሴ፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፣ ብድግ አሉ።

"በስመ አብ! አንች ልጅ፣ የማን ነው ይህ?"

"የወንድሜ የደምሌ ነው፣ አያ ካሴ።"

"ሞቷል እንዴ?"

"አልሞተም።"

"ታዲያ በቁሙ እቃውን መሃል ታወጭበታለሽ? ሟርት ነው እኮ! በይ አንሽው!"

"እኔ ባላወጣውም ነገ ሊያወጡበት ነው፣" አለች፣ ድምጿ ዝግ ብሎ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደምሌ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ከወረደ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ጃንጥላውን "ስመለስ ይፈለጋል" ብሎ ለእሷ ሰጥቷት ነው የሄደው፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ሰሞኑን ከዚያ የመጣ አንድ መንገደኛ መሞቱን ሰምቻለሁ አለ፣ ልብ በሉ፣ አየሁ አላለም፣ አጎቶቿ ግን "እርሙን እናውጣ" ብለው ለእሑድ ለቅሶ ጠሩ። እናቷ እትዬ ብርቄ እሺም እንቢም ሳይሉ ዝም ብለዋል።

"አንዴ ከተለቀሰለት በኋላ የሚፈልገው ሰው አይኖርም፣" አለችን። "እኔ ልጽፈው ሞከርኩ፣ እጄ እንቢ አለኝ። እናንተ አታውቁትም። እባካችሁ ለዛሬ ብቻ በሕይወት እንዳለ አድርጋችሁ ጻፉልኝ።"

አያ ካሴ አማተቡና ተቀመጡ። ጽሑፋችንን ጀመርን።

ትንሽ እንደቆየን አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጠብ። ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እንደገና ጠብ። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ፣ የካቲት እኮ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጀምበሯ ወደ ማዘቅዘቁ ናት፣ በመስኮቱ የሚገባው አቧራ ብቻ ነው። ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ይንጫጫል፣ ይህን ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ለራሴም አስተማርኩና ወደ ጽሑፌ ተመለስኩ። ግን ሽታውስ? የመጀመሪያ ዝናብ ሲያርፍበት አፈር የሚሸተው ሽታ ክፍሉን ሞላው፣ ሐያት፣ በአባቷ ሱቅ ጨርቅ የምትሸጠው ልጅ፣ እሷም አፍንጫዋን ቀና አድርጋ አየችኝና አቀረቀረች።

ደወሉ ጮኸ። አያ ካሴ ቀድመው አነበቡ፣ አንድ ሰው ከተዘጋ ሱቅ ጥላ ሥር ዝናብ ያሳልፋል፣ ግራ እግሩን በቀይ ጨርቅ አስሯል። ሐያት ፊቷ አመድ መሰለ። "መምህር፣ የኔ ይቅር?" አለችኝ። አንብቢ አልኳት። የእሷ ሰው ከቤተሰቡ አጥር ደርሶ ቆሟል፣ ካልጠሩኝ አልገባም ብሎ፣ ግራ እግሩን በቀይ ጨርቅ አስሯል። ቀድታ ነው እንዳትሉኝ፣ የአያ ካሴን ጽሕፈት ከራሳቸው በቀር የሚያነበው የለም።

የሚቀረው የኔ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ልከተው ሁሉ አስቤ ነበር፣ ምክንያቱም ሁለቱም ከማንበባቸው በፊት፣ ገና በመጀመሪያው መስመር፣ "በግራ እግሩ ላይ ያለውን ቀይ ጨርቅ አጠበቀና መንገዱን ቀጠለ" ብዬ ጽፌያለሁ። አነበብኩት።

ይታይሽ አላለቀሰችም። "ሲሄድ ግራ እግሩን ያመው እንደነበር ማን ነገራችሁ?" አለች። ማንም። ያኔ ጠብታውን ሁላችንም ሰማነው፣ ጃንጥላው ካለበት ወንበር ሥር ሲሚንቶው ረጥቦ ውሃ አቁሯል። ተነሥታ ዘረጋችው፣ ከዝናብ የገባ ሰው ጃንጥላ እንደሚያንጠባጥበው ውሃው ዙሪያውን ወረደ። በጣቴ ነካሁት፣ ይቀዘቅዛል። ወረቀቶቻችንን ለምና ተቀበለችንና የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጣት ሮጠች።

በማግስቱ ገሳይ ሄድን። ዳስ ተጥሏል፣ የደምሌ ኮትና ጋቢ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ሰው ሞልቷል። ይታይሽ ጃንጥላውን ይዛ ከመሃል ቆመች፣ አንዱ አጎቷ ክንዷን ሊይዝ ሲል እጁን ቀስ አድርጋ አወረደችና ሦስቱንም ጽሑፎች አነበበች፣ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቿ እንደምታነበው፣ አንዲት ቃል ሳትውጥ። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ድፍረት አላየሁም። የኛ ተራ ጽሑፍ በእሷ አፍ ሌላ ሆነ፣ አልቃሿ ራሷ ከንፈሯን መጠጠች። ስትጨርስ እትዬ ብርቄ ተነሡ።

"ልጄ እግሩን አሞት ነው የቆየው፣" አሉ። "ያንን ልብስ መልሱልኝ። ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው?"

ለቅሶው ቀረ፣ የመጣው ሰው የተሰናዳውን በልቶ ተበተነ።

ደምሌ እስከ ዛሬ አልመጣም። አንዳንዴ ሌላውን ሁሉ ትቼ ይህ ይከነክነኛል፣ ሰውየው ሞቶ ከሆነ እናትየውን እርማቸውን ከለከልናቸው ማለት ነው፣ በኛ የቅዳሜ መነሻ። እሳቸው ግን በየምሽቱ ውሃ ያሞቃሉ፣ የመንገደኛ እግር እንደሚታጠብበት በሳፋ አድርገው ከደጃፉ ያስቀምጣሉ፣ በሩን ገርበብ ያደርጉና "ግባ ልጄ" ብለው ይጠራሉ፣ ካልጠሩት አይገባም ተብሎ ተነብቦላቸዋላ። ጠዋት ውሃውን እንዳለ ይደፉታል።

ዛሬ ጠዋት ይታይሽ ደወለችልኝ። "መምህር፣" አለች፣ "ውሃው ደፍርሶ አገኘነው።"

"ከብት ረግጦት ይሆናል፣" አልኩ።

"አፈሩ ጥቁር ነው። ዋልካ ነው። የኛ ደጅ አፈር ቀይ እንደሆነ ታውቃለህ።"

የመተማ አፈር ዋልካ ነው፣ እዚያ የወረደ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

"እናቴ ከሳፋው አጠገብ ተቀምጣለች፣" አለች ይታይሽ። "ልድፋው ወይስ ልተወው እያለች ነው፣ ምን ልበላት?"