የትኛው እርሳስ?

ባትሪው ከተባለ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። የመኪና ባትሪ አዳሽ ነው፤ ስሙን ያገኘው ግን ከሥራው ብቻ አይደለም። ትንሽ ሲነካኩት ይግላል። አንድ ደንበኛ "ይሄ ባትሪ ሳምንት እንኳ አልሠራልኝም" ካለው፣ ምስኪኑ የመጣበትን ጉዳይ እስኪረሳ ድረስ ይጮህበታል። እጁ ግን የተባረከ ነበር። የሞተ ባትሪ ይፈለቅቃል፣ አሲዱን ይደፋል፣ ውስጡ የተደረደሩትን ስስ ብረቶች አውጥቶ ያራግፋል፣ የማይረቡትን በብረት ድስት ያቀልጣል። ያንን የሚያቀልጠውን ብረት እሱና ሙያውን ያስተማረው ሰው "ለስላሳው" እያሉ ነው የኖሩት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የት ነው? እዚያው ከግቢው ውስጥ! ከፊት ቆርቆሮ የለበሰ ሱቅ፣ ከኋላ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ መሀል ላይ አሥር እርምጃ የማይሞላ ግቢ። ለምሳ ሲገባ ቱታውን አያወልቅም። እጁንም ውሃ ያስነካዋል እንጂ ታጠበ አይባልም። ቱታውን የምታጥበው ሚስቱ ናት፤ ያውም የልጃቸው ልብስ በሚታጠብበት ሳፋ።

"ኧረ ተው፣ ይሄ ግራጫ አቧራ ደግ አይመስለኝም" ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

"ሃያ ዓመት ሠርቼበት ምን ሆንኩ? በየቀኑ ወተት እጠጣ የለ? ወተት ያጥበዋል!"

ሆዱን በየጊዜው እንደሚቆርጠው፣ እጁም መንቀጥቀጥ እንደጀመረው ግን ትንፍሽ አይልም። ደረቅ ሰው ሕመሙንም ይደብቃል።

ልጃቸው አምስት ዓመቷ ነው። ጎረቤቶች "ጋዜጣ" ይሏታል፤ ማን ቤት እንግዳ እንደመጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ሳትጠየቅ ትዘግባለች። አባቷ ቱግ ብሎ እየጮኸ እንኳ እሷ ብቅ ካለች ድምፁ ይለዝባል። በዓለም ላይ የማይጮህባት ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ይህች ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ሌላ ልጅ ሆነች። ምግብ ሲቀርብ ፊቷን ታዞራለች። "ሆዴን፣ ሆዴን" ትላለች፤ ሆዷ ደርቆ ቀናት ይቆያል። ከንፈሯ ነጣ። በትንሽ በትልቁ ትነጫነጫለች፣ ወሬዋም ቀረ። አንዱ ጎረቤት "ጋዜጣችን መታተም አቆመች እንዴ?" ብሎ ቢቀልድ እናቷ መሳቅ አልቻለችም። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቷ ደግሞ "የምታውቃቸውን ፊደሎች እየረሳች ነው፤ እባካችሁ አስመርምሯት" የሚል ወረቀት ላከች። ባትሪው ወረቀቱን ጨምድዶ ወረወረው።

"ማስተማር ሲያቅታቸው ልጄን በሽተኛ ያደርጓታል!"

እናትየው አልሰማችውም፤ ከሥራዋ አስፈቅዳ ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ሐኪሟ "አባቷ ምንድን ነው የሚሠራው?" ብላ ጠየቀች፣ መልሱን ስትሰማ ደም አስወሰደች፣ ውጤቱ ሲመጣ የሚደወልበትን ስልክ መዘገበች። የተመዘገበው የባትሪው ስልክ ነበር።

በሳምንቱ ስልኩ ሲጠራ ባትሪው አንድ ሳጥን በመዶሻ እየፈለቀቀ ነው። የደወለችው ሐኪሟ ናት።

"የልጅቷ አባት ነዎት? የልጅዎ ደም ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። መጠኑ ብዙ ነው።"

"እርሳስ? እርሳስ ነው ያልሽው?"

"አዎ። ዛሬውኑ ይዘዋት ይምጡ፤ መድኃኒት መጀመር..."

"ገባኝ! ገባኝ!" ብሎ ዘጋው።

ምኑ ነው የገባው? ምኑም! እሱ የታየው መጻፊያ እርሳስ ነው። ልጁ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እርሳስ ስታኝክ፣ መምህርቷ ደግሞ ዝም ብላ ስታይ ታየው። ከሰዓት ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ነገራት። ደንግጣ "ሌላስ ምን አለች?" ስትለው "ምንም፤ መጻፊያ አኝካ ነው" አላት። አስቡት እንግዲህ፤ "ዛሬውኑ ይምጡ" የተባለ አባት "ምንም" አለ። ሐኪም ቤት መሄድ ጊዜ ያባክናል፤ መምህር ለመሳደብ ግን እሱ ምንጊዜም ጊዜ አለው።

በማግስቱ ጠዋት መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ጫማውን እንኳ ሳያራግፍ ዘው ብሎ ገባ።

"ልጄ እርሳስ ስትበላ ቁጭ ብለሽ ታያለሽ አይደል?"

"ቀስ ይበሉ፣ ሕፃናት አሉ" አለች መምህርቷ። "ልጅዎ እርሳስ ስታኝክ አይቼ አላውቅም።"

"ደሟ ውስጥ ተገኘ እያልኩሽ!"

"መጻፊያውን እርሳስ እንለዋለን እንጂ ውስጡ ያ እርሳስ የለበትም። እርሳስ የሚባል ብረት አለ፤ መርዝ ነው። ሐኪሟ የትኛውን እርሳስ እንዳለች ጠይቀዋል? የእርስዎ ሥራ ደግሞ..."

"ሥራዬን ምን አደረገሽ?"

ጩኸቱ ከአፉ ሲወጣ ነገሩ ብልጭ አለለት። የአሮጌ ብረት ነጋዴዎች እሱ "ለስላሳው" የሚለውን ምን ብለው እንደሚጠሩት ትዝ አለው። እርሳስ ነው የሚሉት። ነገር ግን ሃያ ሕፃናትና ሁለት ሞግዚቶች ዓይናቸውን አፍጥጠው እያዩት ነው፤ ከጩኸት በኋላ "ተሳስቻለሁ" ማለት ደግሞ ለእሱ ሞት ነው። ስለዚህ ባሰበት።

"ከዛሬ ጀምሮ ልጄ እዚህ ደጃፍ አትደርስም!" ብሎ እጇን ይዞ ወጣ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

እናትየው ቢሮ ታጸዳለች፤ የምትመለሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ታዲያ ልጅቷ የት ትዋል? ሱቅ ውስጥ፣ አባቷ እግር ሥር! ከእርሳስ አዳንኳት ብሎ ከእርሳስ ጋር አዋላት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በባዶ የባትሪ ሳጥን ላይ ተቀምጣ፣ በግራጫዎቹ ብረቶች ዕቃ ዕቃ ተጫወተች። በዚያው እጇ ዳቦ በላች። ድስቱ ሲጨስ እሷም ከአባቷ ጋር ተነፈሰችው። ባትሪው አንዳንዴ ቀና ብሎ ያያታል፤ የመምህርቷ ቃል ጆሮው ላይ ያቃጭልበታል፤ ወዲያው ወተት ቀድቶ ይሰጣትና ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔን በዚህ ሰው ላይ የሚያናድደኝ አለማወቁ አይደለም። ማወቅ ደጁ ድረስ መጥቶ ሲያንኳኳ "የለሁም" ማለቱ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልጅቷ ከሳጥኑ ላይ ወደቀች። ዓይኗ ተገለበጠ፣ እጅ እግሯ ተንፈራገጠ። ባትሪው መዶሻውን ጥሎ አቅፏት ሮጠ። ያ ድምፁ ሰፈር የሚያናውጥ ሰው "ሰው የለም? ኧረ ሰው!" ለማለት እንኳ ትንፋሽ አጠረው።

ሆስፒታል እናትየውም ከጤና ጣቢያ የተጠራችው ሐኪምም ደረሱ። ሐኪሟ ቀጥታ ወደ ባትሪው ሄደች።

"ሦስት ሳምንት! ዛሬውኑ ይምጡ ብዬ ደወልኩ። ደግሜ ስደውል ስልኩን ይዘጉብኛል። የት ነበረች ልጅቷ?"

"እኔ ዘንድ... ሱቅ" አለ ባትሪው።

"እርሳስ የሚቀልጥበት ሱቅ?"

ሚስቱ ወደ እሱ ዞረች። "ይምጡ ተብለህ ነበር?"

ባትሪው ፊቱን ወደ ልጅቷ አልጋ አዞረ።

"መልስልኝ! ይምጡ ተብለህ ነበር ወይ? እኔ ስጠይቅህ ምንም አላለችም አላልከኝም?" ደረቱን በሁለት እጇ ገፋችው፤ ቱታው ላይ የነበረው አቧራ ቡን ብሎ መዳፏ ላይ ቀረ። መዳፏን አየችው። "በዚህ ነው ልጄን የገደልክብኝ። እኔም እያጠብኩ አግዤሃለሁ።"

"ወተት... በየቀኑ ወተት ሰጥቻታለሁ" አለ ባትሪው።

"ወተት ለልጅ ጥሩ ምግብ ነው" አለች ሐኪሟ። "እርሳስን ግን ከሰውነት አያጥብም። እርሳስ በአቧራና በጭስ ይገባል፤ ደም ውስጥ፣ አንጎል ውስጥ፣ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። ሕፃናትን ከአዋቂ ይልቅ ይጎዳል፤ ለእነሱ ትንሽ ነው የሚባል መጠን የለውም። አሁን እርሳሱን ይዞ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት እንሰጣታለን። ቤታችሁ ሳይጸዳ ብትመለስ ግን እንደገና ይገባባታል፤ ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ነው።"

"ትድናለች?" አለች እናት።

"ሕይወቷን እናተርፋለን ብዬ አምናለሁ። አንጎሏ ላይ የደረሰውን ጉዳት ግን መድኃኒቱ አይመልሰውም። ምን ያህሉን እንደምታገግም በጊዜ ነው የምናየው።"

እናትየው ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ባሏን አላነጋገረችውም። ልጅቷ አልጋ ላይ ሳለች ደሟ ደጋግሞ ተመረመረ፤ የወላጆቿም ተመረመረ፣ የሁለቱም እርሳስ ነበረበት። ባትሪው ሱቁን ዘጋ፤ ከመኖሪያ የራቀ ቦታ ፈልጎ ዕቃውን ወደዚያ አዛወረ፤ ቱታውንም እዚያው አውልቆ፣ ታጥቦ ወደ ቤት መምጣት ጀመረ። ቤቱን ሊጠርግ መጥረጊያ ሲያነሳ ሚስቱ ነጠቀችው፦ "ደረቁን ጠርገህ አቧራውን ልታስነሣብኝ ነው? ሐኪሟ በእርጥብ ጨርቅ ብላለች!" ያችው ቃል የመጀመሪያ ንግግራቸው ሆነች። ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ የአልጋውን እግር ሳይቀር በእርጥብ ጨርቅ ወለወለ፤ የግቢውን የላይኛውን አፈር አስነሣ። ልጅቷ የተመለሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ትራመዳለች፣ ትበላለች፣ አንዳንዴም ትስቃለች። አንድ ነገር ጀምራ መሀል ላይ ትተወዋለች እንጂ።

ባትሪው አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄደ።

"መምህርት፣ ያን ቀን ስጮህብዎት ነገሩ ገብቶኝ ነበር" አላት። "ገብቶኝ ነው የጮህኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

መምህርቷ የያዘችውን ደብተር ዘጋች። ፊቷም አልተፈታም።

"እኔን መሳደብዎ ምንም አይደለም። ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ አለ። ይቅርታ ከፈለጉ እዚያ ቆመው ይህንኑ ይናገሩ" አለችው።

ቅዳሜ ቆመ። "እርሳስ ማለት መጻፊያው ብቻ አይደለም። በባትሪ ውስጥ አለ፤ በአንዳንድ ቀለም ውስጥ አለ፤ በልብሳችን ተሸክመን ለልጆቻችን እናስገባዋለን። እኔ ለልጄ አስገብቼላታለሁ" አለ።

ከኋላ ወንበር አንድ ራዲያተር በእርሳስ የሚበይድ መካኒክ ተነሣ።

"አሃ! ልጁን አሳምሞ ሲያበቃ አሁን ሊሰብከን ነው! እኛ በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ቆየን፤ ምን ሆንን?"

አንዳንዱ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ባትሪው ወንበር ይወረውር ነበር።

"እኔም እንዲሁ ነበር የምለው" አለ። "ልጅህን ሰኞ አስመርምረው። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ መጥተህ በሰው ፊት ስደበኝ፤ ቆሜ እሰደባለሁ።"

መካኒኩ "ወሬኛ!" ብሎት ወጣ። ሰኞ ግን የጤና ጣቢያው ሰልፍ ላይ ልጁን በእጁ ይዞ ፊቱን አኮማትሮ ቆሞ ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ የባትሪው በር ተንኳኳ። መካኒኩ ነው፤ የልጁን የደም ውጤት ይዟል። ከደጁ አላለፈም፤ የለበሰውን ቱታ ቁልቁል እያየ ቆመ። ሊሳደብ አልነበረም የመጣው።

"ልብስህን የምታወልቀው የት ነው?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እስቲ አሳየኝ።"