የጠፋው ሦስት ቁጥር

የኬብል ሠራተኛው ስታሽ ያኒክ ከምሰሶው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ሲገኝ መሰላሉ ጭቃው ላይ ተዘርሮ ነበር። የኬብል ቴሌቪዥን ድርጅቱ አለቃ ዌንዴል «የራሱ ግዴለሽነት ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ሚስቱ ዶሎረስ ይህን ስትሰማ እንባ እንኳ አልመጣላትም። ሰውነቷ ሁሉ ደንዝዟል፤ ባሏ በግዴለሽነት አለመሞቱን ከማወቅ በቀር የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

መርማሪዋ ሃንራቲ ግን መሰላሉ በሰው እጅ መገፋቱን ጭቃው ላይ ከቀረው ዱካ ተረድታለች። በቀብሩ ማግስት ዶሎረስን፣ ዌንዴልንና የሟቹን የሥራ ባልደረባ ኤሚልን በዶሎረስ ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ኤሚል የዶሎረስ ወንድም ነው። ጎረቤት ለለቀስተኛ ያመጣው ፒሮጊ፣ ድንች የተሞላው ቅቅል ሊጥ፣ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

«ስታሽ በሞተበት ማክሰኞ ከሰዓት የት ነበርክ፣ ኤሚል?» አለች ሃንራቲ።

«ስንቴ ልንገርዎት! እናቴ ቤት ነበርኩ። እሷ ተኝታ፣ እኔ ሦስት ቁጥር ጣቢያ ላይ ኳስ እያየሁ።»

«በመቀበያ ሳጥን ነው ወይስ ገመዱ በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ተሰክቶ?»

«በቀጥታ ነዋ! ለዚያ አሮጌ ቴሌቪዥን ደግሞ ሳጥን!»

ሃንራቲ ወደ አለቃው ዞረች። «ሰሞኑን በየሰፈሩ የምትቀይሩት ምንድን ነው?»

«ወደ ቤት የሚገባው መስመር ሰፊ ነው፤ ከቤት የሚወጣው ጠባብ። አሁን ሰው ሁሉ የራሱን ምስል መላክ ይፈልጋል። ስለዚህ ከሁለት እስከ ስድስት ቁጥር ያሉትን ጣቢያዎች ቦታ ወስደን ለሚወጣው እንሰጣለን።»

«ከዚያ በኋላ ያለ ሳጥን ሦስት ቁጥር ቢከፈትስ?»

«ምንም አይታይም፤ ጣቢያው በሳጥን ብቻ ነው የሚገኘው። ግን የእናቱ ሰፈር ተራ ሐሙስ ነበር።»

«ስታሽ ማክሰኞ ጠዋት ቀይሮታል። ትናንት እናትየውን ጠየቅኳቸው። ‹በቪዲዮ የሚመረምረኝ የልብ ሐኪሜ ፊቴ አልታይ ብሎት ሲቸገር አማቼ ቀድሞ ሠራልኝ፤ ኳሱ እንደሚጠፋም ነግሮኛል› አሉኝ። ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት፤ ሦስት ቁጥር ባዶ ነው።»

ዌንዴል ስልኩን አውጥቶ የመስመሩን መዝገብ አየ። «እውነት ነው፤ ጠዋት ተቀይሯል።»

ኤሚል አመድ መሰለ። ሐዘን ከገባ ወዲህ በእናቱ ቤት ከሃንራቲ በቀር ቴሌቪዥን የከፈተ ስላልነበረ፣ ጣቢያው መጥፋቱን አላወቀም።

«ባልደረቦችህ እንደነገሩኝ፣ ጠጥተህ ምሰሶ ላይ እንደምትወጣ ስታሽ ለአለቃው ሊነግርብህ ነበር፤ አይደል?» አለች ሃንራቲ።

«ላስደነግጠው ብዬ ነው የነቀነቅኩት! በእናቴ፣ ዶሊ!» አለ ወደ እህቱ ዞሮ።

ዶሎረስ ወንድሟን መጥላት እንኳ አቃታት።

«ሐኪሙ አሁን እማዬን በደንብ ያያታል?» አለች ወደ ሃንራቲ ዞራ።

«ቁልጭ አድርጎ።»

ኮቷን አነሳች። «እንግዲያው መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ልደውል። የልጇን ነገር ስነግራት ልቧ ቢከዳት እንዲደርስላት እያያት ይሁን።»