ነይ ብዪ

«አንድ ጊዜ ብቻ ጥሪያትና ወደ ቤትሽ» አለ የእንስሳት ሐኪሙ።

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ በአራዊት ማቆያው የገሰላዋ ተንከባካቢ ናት። የግቢው እድሳት አቧራ ጉሮሮዋን ከዘጋው ሰንብቷል፤ ከሹክሹክታ በላይ አይወጣትም። ልጅቷ ደግሞ ድምፅዋ ቁርጥ የእናቷ ስለሆነ ሠራተኞቹ «ግልባጭ» ይሏታል።

አሮጌው የብረት ቤት ዛሬ ይፈርሳል። በአራዊት ማቆያው ማዶ የመስታወት ቤት ተሠርቷል። ገሰላዋ ግን አርጅታለች። እንደ እሷ ያለ ጥቁር ነብር በአገሩ ከጠፋ ቆይቷል። ከጠዋት ጀምሮ ማጓጓዣው ሳጥን ውስጥ አልገባም ብላ ጥጓን ይዛ ተኝታለች።

«በማደንዘዣ ብትወጋትስ ዶክተር?» አለ ሳጥኑን ሊጭን የመጣው መኪና ሹፌር።

«በዚህ ዕድሜዋ ላትነቃ ትችላለች።»

«እንግዲያው ሥጋ አስገቡላት።»

«አይሆንም። በክሬን ተንጠልጥላ ካስመለሳት ያንቃታል። ሆዷ ባዶ መሆን አለበት።»

«ባዶ እጄን ጠርቻት አላውቅም» አለች እናት በሹክሹክታ።

ልጅቷ ወደ ፍርግርጉ ቀረበች።

«ነይ።»

ገሰላዋ ጆሮዋን አቆመች። ከዚያ አንገቷን መልሳ ጣለች።

«ግልባጭ፣ ሙሉውን በያ» አለ ሹፌሩ። «እኛም እኮ ምሳ አልበላንም።»

ሙሉው «ነይ ብዪ» ነው። እናቷ ሥጋ ይዛ ስትመጣ የምትለው ይህንን ነው። ልጅቷ እናቷን አየቻት። እናቷ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ነይ ብዪ» አለች ልጅቷ።

ገሰላዋ ወገቧን እየጎተተች ተነሣች። ሳጥኑ ውስጥ ገብታ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር አሸተተች። መዝጊያው ወረደ። አላገሳችም። ዞር ብላ በሽቦው ቀዳዳ ወደ ልጅቷ ተመለከተች።

«ጎሽ ግልባጭ! ገላገልሽን» አለ ሹፌሩ።

ልጅቷ አልሰማችውም። «መቼ ነው የምትበላው?» ስትል ሐኪሙን ጠየቀችው።

«አዲሱ ቤት ገብታ ስትረጋጋ፤ ወደ ማታ ይሆናል። ተረኛው ይሰጣታል። እናንተ ሂዱ፣ ደክሟችኋል።»

እናቷ ጉልበቷን ተደግፋ ተነሣች።

«አንቺ ሂጂና ተኚ እማ» አለች ልጅቷ። «እኔ እቆያለሁ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«‹ነይ ብዪ› ብዬ ጠርቻታለሁ እኮ» አለችና ሳጥኑን የጫነውን መኪና በእግሯ ተከተለች።