ፍሬኑን ቀይሬዋለሁ

ነጭ ፒካፕ።

ቆቅ ስልኩን እንደገና አነበበው። መልእክቱ ከአለቃው ከማስረሻ ነው፤ «ፍላሹን ሶደሬ በር ላይ ለቆመው ነጭ ፒካፕ አስረክብ። አሥራ አንድ ሰዓት።» ታርጋውም ተጽፏል።

ታርጋውን ያውቀዋል። ከሦስት ወር በፊት የባጃጅ ፍሬን ሸራ በሚያስመጣው ነጋዴ ግቢ በር ላይ ፎቶ አንስቶታል። ፎቶውን የላከው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

ለማስረሻ።

የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ፣ በምስጢር ስሙ ቆቅ የሚለውን ሰው፣ ወደ አዳማ የላከው አንድ ጥናት እንዲጠብቅ ነው። የሽፋን ስሙ ቢኒያም፣ ሥራው የባጃጅ ሹፌር ሆነ። የዩኒቨርሲቲዋ መምህርት ዶክተር ጋዲሴ ስድሳ ባጃጆች ላይ ሞተርና ፍሬን የሚመዘግብ መቅጃ ገጥማ ዓመት ሙሉ ስትለካ ከርማለች። ውጤቱ አንድ ነው፤ ነጋዴው የሚያስገባው ሸራ ቁልቁለት ላይ ሲግል አይዝም። ነገ አዲስ አበባ የሚሰበሰበው ኮሚቴ ዋናውን መረጃ ካየ ሸራው ይታገዳል። ካላየ ሰው ማለቁን ይቀጥላል።

አዳማ፣ ፍራንኮ የባጃጅ ተራ ላይ ጋዲሴ ከኋላ ወንበር ገብታ መረጃው ያለበትን ፍላሽ መዳፉ ላይ አኖረችለት። እሱም ማን እንደሆነና አለቃው እንደከዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ነገራት። ትደነግጣለች ብሎ ነበር።

«ሹፌር አለመሆንህንማ አውቃለሁ» አለችው።

«በምን?»

«ተራ ሲጠጋ ሁሉም ሞተር አጥፍቶ ነው ባጃጁን የሚገፋው። ነዳጅ ማን ያባክናል? ከስድሳው መቅጃ ተራ ላይ ሞተር ሲነሳ የሚያሳየው ያንተ ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ነቃሁብህ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ጠዋት ጠዋት የምትጠብቀኝ ለሥራ ብቻ አልመሰለኝም።»

የቀረውን ለሌላ ቀን ተዉት። እንዲህ ያለውን ነገር ለነገ የሚያሳድር ሰው ሞኝ ነው፤ ሁለቱም ሞኞች ነበሩ።

ማስረሻ የባጃጁን እንቅስቃሴ እዚያው ላይ በተገጠመ ጂፒኤስ ይከታተላል። ወደ ሶደሬ ካልሄደ የአዲስ አበባን መንገድ ያስዘጋበታል። መላ የዘየደችው እሷ ናት። ባጃጁን እሷ ወደ ሶደሬ ትነዳዋለች፤ መንገድ ላይ ያለችው መልካሳ ስትደርስ ጥላው ትሰወራለች። እሱ በሚኒባስ ይወጣል። መንዳቱን ለጥናቱ ብላ ተምራዋለች። እምቢ ሲላት ቁልፉን ከእጁ ወስዳ ሄደች።

ስልኩን አጥፍቶ ሲሙን ሰበረ። ደንቡ ነው።

ሚኒባሱ ሞጆን ሲያልፍ ትዝ አለው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጋዲሴ ሹፌሮቹን ሰብስባ ያንን ሸራ እንዲቀይሩ ለምናቸው ነበር። በኋላም አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ሌሎቹ በማግስቱ ጋራዥ ገብተዋል፤ ባጃጅ እንጀራቸው ነው። ለእሱ ግን መደበቂያው ብቻ ነበር።

«ቀይሬዋለሁ ዶክተር» ብሏት ነበር።

አልቀየረውም።

አጠገቡ ከተቀመጡት ሴትዮ ስልክ ለምኖ ደወለ። ጠራ። አይነሳም። ደግሞ ደወለ። አይነሳም። መውረድና መመለስ ይችል ነበር፤ ፍላሹ ግን ካልሲው ውስጥ ነው፣ እሷም አደራ ብላዋለች። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አለቀሰ። ሴትዮዋ ስልካቸውን ተቀበሉት።

በማግስቱ በሦስት ሰዓት ፍላሹ ኮሚቴው ፊት ነበር። ሸራው ታገደ። ማስረሻም በታርጋው ፎቶና በላከው መልእክት ማስረጃነት ቢሮው ውስጥ ተያዘ። ጋዲሴ ግን በዋዜማው፣ ወደ አዋሽ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ሞታለች። መቅጃው ደቂቃዋን ይዟታል። ፍሬኑ አራት ጊዜ ተረግጧል። አራቱንም አልያዘም።

ቀብሯ ላይ አልተገኘም። ቢኒያም የሚባል ሰው የለም፤ የሌለ ሰው ደግሞ እናቷ ፊት ቆሞ እግዜር ያጥናዎ አይልም።

አቦምሳ ከተማ የባጃጅ ተራ ላይ ዛሬ ሌላ ስም ያለው ሹፌር አለ። ሸራውን በየወሩ ይቀይራል። ጓደኞቹ አባካኝ ይሉታል፣ ምክንያቱን አይነግራቸውም።

ከፊቱ ያለው ባጃጅ ተሳፋሪ ይዞ ሄደ። ከኋላው ያለው ሹፌር፣ ጫምሳ፣ «ኦቦ፣ ተጠጋ እንጂ» አለው።

እጁ ወደ ቁልፉ ሄዶ ተመለሰ። ወርዶ ባጃጁን ገፋ።