ሦስት እርምጃ

ሟቹ የበግ ለምድ እንደለበሰ በሆስፒታሉ የእግረኛ መንገድ መሀል ተዘርሯል። ከራስጌው «ንቁ» የሚል ስም በወርቃማ ቀለም የተጻፈባት ሾፌር አልባ መኪና ቆማለች። የፊት መከለያዋ ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁ በታች ያለችው የሳንቲም ያህል መስታወት ደግሞ በጭቃ ተለስናለች። ከመንገዱ ዳር አንዲት ባልቴት በካቴና ታስረው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ስድስት በጎቻቸው ከልካይ አጥተው የሆስፒታሉን አበባ ይቀጥፋሉ።

መርማሪዋ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰች። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ወንፊት» ይሏታል፤ ገለባ አታሳልፍም ለማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ገለባው ይበዛባታል።

«እኚህን እናት ማን አሳሰራቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ከረባቱን እያቃና ወደ ፊት ወጥቶ። ስለ ንቁ በየአዳራሹ ንግግር ያደረገ፣ በየንግግሩም «ከሰው ዓይን የበለጠች» እያለ ያስጨበጨበ ሰው ነው። አሁን ያዘነው ለሬሳው ይሁን ለነገዎቹ እንግዶች ለመለየት ያስቸግራል። የግራ እጅጌው ጫፍ እርጥብ ነው።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር። ይህች ሴትዮ ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት ‹ዓይኗን በጭቃ እደፍናለሁ› ብላ ዝታለች። ይኸው ደፈነች፤ ሰው ሞተ። ነገ ታላላቅ እንግዶች አሉብን። ከዛሬ ጀምሮ እንስሳ የሚባል በዚህ መንገድ ድርሽ አይልም።»

«አስከሬን ሳይነሳ መመሪያ አወጡ ማለት ነው» አለችውና ወደ ባልቴቷ ሄዳ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ ዝተዋል?»

«ዝቻለሁ ልጄ፤ አልዋሽም። ዛቻ ብቻም አልነበረም» አሉ ባልቴቷ። «በጎቼን ስታይ ትገተራለች። እነሱም እሷን ሲያዩ ይገተራሉ። እንዲያ ሲፋጠጡ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ትናንት ከሰዓት ግን አልቆመችም። ጠቦቴን ደፍጥጣብኝ አለፈች። ተሸክሜ ወስጄ ለጋሼ፣ ለዚህ ለሞተው፣ አሳየሁት። ‹ነገ ጠዋት እፈትሻታለሁ፤ ካልቆመች ጽፌ አስቆማታለሁ› አለኝ። እግዜር ያሳይሽ፣ በዚህ ግቢ ደህና አደርሽ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር።»

«እንስሳ እንዳያልፍ ሊከለክሉ ነው።»

«ውሃው ከመንገዱ ማዶ ነው። እነሱ ካልጠጡ ያልቃሉ፤ እነሱ ካለቁ እኔም አበቃልኝ።» የታሰሩ እጆቻቸውን አንስተው በመዳፋቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ።

የመኪናዋ ረዳት የሟቹ የእህት ልጅ ናት። ጀርባዋን ለመኪናዋ ሰጥታ ግድግዳ ተደግፋ ነበር።

«አጎትሽ ለምን ለምድ ለበሰ?»

«ሥራው ነዋ! የደህንነት ፈታሽ ነው። በየጠዋቱ የመጀመሪያው ጉዞ ሳይጀመር ለምዱን ለብሶ መንገድ መሀል በአራት እግሩ ይንበረከካል። እጁን ሲያነሳ መኪናዋ ውስጥ ሆኜ የማስነሻ ቁልፉን እጫናለሁ። መኪናዋ ሄዳ ፊቱ ትቆማለች። ተነስቶ በእርምጃ ይለካና ‹ሦስት እርምጃ፤ አልፋለች› ይላል። አራት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። ሥራ አስኪያጁ ‹ጋሼ በግ› የሚል ስም አውጥቶለት መሳቂያ አደረገው።»

«በአሻንጉሊት መፈተሽ አይቻልም ነበር?»

«‹በአሻንጉሊት የሚፈትሽ አይፈራም፤ ካልፈራ ደግሞ አስተውሎ አያይም› ይለኝ ነበር።»

«ዛሬስ ምን አለሽ?»

«‹የትናንቱ ተስተካክሏል ተብያለሁ፤ እስቲ እናያለን› አለኝ። እጁን አነሳ። ተጫንኩ።» አውራ ጣቷን የሌላ ሰው ጣት ይመስል ትክ ብላ አየችው። «እኔ ነኝ የተጫንኩት፣ ኢንስፔክተር። በዚህ ጣት።»

መርማሪዋ ጣቲቱን በእጇ ሸፈነቻት። ማጽናናት አትችልበትም፤ ይህንንም ታውቃለች። «ከዚያስ?»

«እየጮኽኩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሮጥኩ። ስመለስ ሥራ አስኪያጁ ከመኪናዋ ፊት ተንበርክኮ ያለቅሳል። እውነቱን ለመናገር ያን ያህል አንጀት ያለው አይመስለኝም ነበር። መኪናዋን የሠራት ኢንጂነር ግን ከክፍሉ በር ፈቀቅ አላለም፤ ደም ሲያይ ያዞረዋል። ጥበቃዎቹ እማማን ከውሃው ዘንድ ይዘዋቸው የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።»

«የመኪናዋን ዓይን ማን ይጠርጋል?»

«እኔ፣ በየጠዋቱ። ዛሬም ጠርጌያለሁ። ካልተጠረገች አፏን አትዘጋም። ከዚያ ወዲህ ግን ዞሬም አላየኋት፤ ማየትም አልፈልግም።»

ኢንጂነሩ ሦስት ስክሪን በተደረደረበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ሊገረፍ እንደተጠራ ተማሪ ተኮራምቶ ነበር። ስለ መኪናዋ ሲጠየቅ ግን አንገቱ ቀና አለ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ማናገር የሚቀለው ስለ እጁ ሥራ ነው።

«ሁለት ዓይን አላት» አለ። «የላዩ የቆመ ሰው ያያል፤ የታቹ በግ፣ ውሻ፣ የሚድህ ሕፃን። ዓይኖቿ ጥርት ማለታቸውን ሳታረጋግጥ አትነሳም። ዝንብ ብታርፍባት እንኳ...» አለና ድንገት አፉን ዘጋ።

«ዝንብ ብታርፍባት?»

«ምንም። እንዲያው ለነገሩ ነው።»

«ትናንት ከሰዓት እንዴት ዋለች?»

«ግሩም! ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ጉዞ በሰዓቷ ጨረሰች።»

«በጎቹን፣ ውሾቹን፣ ዶሮዎቹን ምን ዋጣቸው?»

ኢንጂነሩ ስክሪኑን አፍጥጦ ማየት ጀመረ። ስክሪኑ ጠፍቶ ነበር።

የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግድግዳ በፎቶግራፍ ተሞልቷል። ከንቁ ጎን ቆሞ፣ ንቁን ተደግፎ፣ ለንቁ ሪባን ሲቆርጥ። ውስጧ የተቀመጠበት አንድም የለም። የራሱ ትልቅ መኪና በኋለኛው በር ገብታ ከመስኮቱ ሥር ቆማለች።

«ንቁ ትመችዎታለች?» አለች መርማሪዋ።

«እንዴታ! በየቀኑ የምጓዘው በእሷ ነው።»

«እጅጌዎ ምን ሆነ?»

«ደም ነክቶኝ ታጥቤ ነው። ምስኪን ሰው!»

«ትናንት ሲመሽ ለምስኪኑ ሰው ደውለው ነበር። ስልኩ ላይ አየሁት።»

«ለእንግዶቹ ዝግጅት ላመሰግነው ነው። ማመስገን ልማዴ ነው።»

«አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ምስጋናዎ ቁጥብ ነው» ብላው ወጣች።

ረፋዱ ላይ ሁሉንም መኪናዋ ዘንድ ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ጭቃው ግን በእሷ ትእዛዝ እንዳለ ነው።

«ሥራ አስኪያጅ፣ በየቀኑ እጓዝባታለሁ ብለዋል። እስቲ ይግቡና ያስነሷት።»

«ይሄ የምን ጨዋታ ነው?»

«ይግቡ!»

ሥራ አስኪያጁ ወደ በሩ ሄዶ እጀታ ፈለገ። እጀታ የለም። ጠርዙን በጥፍሩ ይፈለቅቅ ጀመር።

«ፊቱ ሲቆሙ ራሱ ይከፈታል» አለች ረዳቷ፣ ሳትፈልግ።

በሩ ተከፈተ። ቁልፉንም ከብዙ ዳበሳ በኋላ አገኘው። ሲጫነው መኪናዋ በለሰለሰ የሴት ድምፅ «ይቅርታ ክቡር ተሳፋሪ፤ የታችኛው ዓይኔ ተሸፍኗል። እባክዎ ይጥረጉልኝ፤ እስከዚያ አልነሳም» አለች። ደግሞ ተጫነው። ደግማ ነገረችው። በሦስተኛው እጁን ሰበሰበ።

«ሰማችሁ?» አለች መርማሪዋ። «ዓይኗ ከተሸፈነ አትነሳም። ዛሬ ጠዋት ግን ተነስታ ሰው ገድላለች። ስለዚህ ስትነሳ ዓይኗ ንጹሕ ነበር፤ ጭቃው የተቀባው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው። የቀባውም መኪናዋ በጭቃ እንደማትነሳ የማያውቅ ሰው ነው። ማን አያውቅም? ረዳቷ በየጠዋቱ የምትጠርጋት ናት። ኢንጂነሩ የሠራት ነው። እማማ፣ እርስዎስ?»

«አውቃለሁ እንጂ!» አሉ ባልቴቷ። «ባለፈው ሳምንት ሞክሬዋለሁ። ቆማ ስትለፈልፍ ዋለች። ሰው ደግ ነው፣ ማን እንደቀባት ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልተናገረብኝም። ለአለቃ ብቻ ሳይነግሩት ቀሩ።»

አንዱ ጥበቃ ሳቁን በሳል አሳለፈው።

«የቀረው ይህን መኪና በየአዳራሹ ያሻሻጠው፣ ግን አንድ ቀን እንኳ ያልተቀመጠባት ሰው ነው» አለች መርማሪዋ። «ረዳቷ ስትሮጥ፣ ኢንጂነሩ ከበር ሳይወጣ፣ መኪናዋ ፊት የተንበረከከውም እሱ ብቻ ነው። ደም ነክቶኝ ነው የታጠብኩት ይላል። ከአበባው መደብ የወሰደውን ጭቃ ነው የታጠበው። ይሄ ግን የሚያስረዳው ጭቃውን ነው። ሞቱን ደግሞ ኢንጂነራችን ይነግረናል። ንጹሕ ዓይን ያላት መኪና ፊቷ የተንበረከከውን ሰው ለምን አላየችም?»

ኢንጂነሩ ወደ ሥራ አስኪያጁ አየ፤ ወደ መሬት አየ፤ ከዚያ ተንተባተበ። «አይታዋለች። ግን ያየችውን ቁም ነገር አድርጋ እንዳትቆጥር አዝዣት ነበር። ከታቹ ዓይን የሚመጣውን ሁሉ እንድትተው። በእንግዶቹ ፊት በግ እንዳያስቆማት ተብሎ ትናንት ሞከርነው። ማታ ወደ ነበረበት እንድመልሰው ነበር የተስማማነው። ሥራ አስኪያጁ ግን ደውሎ ‹ተወው፣ የጠዋቱ ፍተሻ ተሰርዟል፤ ለሰውዬው እኔ እነግረዋለሁ› አለኝ።»

«ለሰውዬውማ ነገረው» አለች መርማሪዋ። «‹ተስተካክሏል፤ ገብተህ ፈትሽ› ብሎ ነገረው። ጋሼ የተደፈጠጠውን ጠቦት ይዞ መኪናዋን ሊያስቆም ነበር፤ ነገ ደግሞ እንግዶች አሉ። ስለዚህ ሁለት ቶን ብረት ፊት እንዲንበረከክ ላከው። በገዛ ሥራው፣ በገዛ እህቱ ልጅ እጅ! ጣትሽን አትውቀሺ፣ እህቴ። የተጫነው ማታ በስልክ ነው።»

ረዳቷ አጎቷ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

«እኔ ለሆስፒታሉ ስል...» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ለታቹ ዓይን በግና ሕፃን እኩል ናቸው። ስለ ሆስፒታሉ አያውሩልኝ።» ወደ ኢንጂነሩ ዞረች። «አንተም ጭቃውን ስታይ ገብቶሃል። እኚህ እናት በካቴና ሲታሰሩ ግን ‹እንዲያው ለነገሩ ነው› አልክ። ቃልህን ጣቢያ ትሰጣለህ።»

ካቴናው ከባልቴቷ እጅ ወጥቶ ሥራ አስኪያጁ እጅ ላይ ገባ። የፖሊስ መኪና እግረኛ መንገዱ ላይ ስለማይገባ ከታችኛው በር ቆሟል።

«በምን እናውርደው?» አለ ፖሊሱ።

«በሚያመሰግናት መኪና» አለች መርማሪዋ። ጭቃው በማስረጃ ከረጢት ገባ፤ መስታወቱ ተጠረገ። ኢንጂነሩ ክፍሉ ሄዶ ተመለሰና «አስተካክያታለሁ» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«መቶ በመቶ።»

«ጥሩ። እንግዲያው ከፊቷ እየዳህክ ውረድ።»

ኢንጂነሩ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ሮጠ። ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ፈትሾ፣ በላብ ተጠምቆ መጣ። ከፊቷ መሄዱን ግን አሻፈረኝ አለ።

እነሱ ሲነታረኩ ባልቴቷ ዱላቸውን አንስተው በጎቻቸውን ወደ ውሃው ነድተው ነበር። ረዳቷ ሥራ አስኪያጁንና ፖሊሱን ወደ ኋላ ወንበር አስገብታ ከቁልፉ ፊት ቆመች። አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ባልቴቷ አዩዋትና እጃቸውን አነሱ፤ ጋሼ በየጠዋቱ ሲያደርግ ያዩት እንደነበረው። ተጫነች።

መኪናዋ ቁልቁል ሄደች። በጎቹ መንገድ መሀል ደርሰው እንደ ልማዳቸው ተገተሩ። መኪናዋም ቆመች። አንዷ በግ ዞራ በመስታወቱ በኩል ሥራ አስኪያጁን ትመለከተው ገባች። እሱ ሰዓቱን ሊያይ እጁን ሲያነሳ ካቴናው ያዘው። ባልቴቷ ለመንዳት ምንም አልቸኮሉም።

ረዳቷ ወርዳ ከመከለያው እስከ በጎቹ በእርምጃ ለካች። መጨረሻው ላይ ቆማ አስከሬኑ ሲነሳ የተረከበችውን የአጎቷን ለምድ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ሦስት እርምጃ» አለች። «አልፋለች፣ አጎቴ።»