ሰዓሊዋ የሳለችው ፍሬን

«ለምሳሌ ሰዓሊዋን ተመልከቱ! አክስቷ ጋ የሄደች መሰላችሁ? ቲቢ ይዟት እኮ ነው የቀረችው!»

ራዲዮ የተናገረችውን በደንብ የሰማችው ካፏ ከወጣ በኋላ ነው። የባዮሎጂ መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? አለቀ፣ ወጣ።

«ራዲዮ» ያሏት የክፍል ልጆች ናቸው፤ አንዴ ከተከፈተች ማን ያጠፋታል ለማለት። እውነቱን ለመናገር ስሙን ትወደው ነበር። እስከዚያ ጠዋት ድረስ።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። ራዲዮና ሰዓሊዋ ሰውነታችን የቲቢን ባክቴሪያ እንዴት እንደሚዋጋ አብረው እንዲያቀርቡ ታዘዙ። ሥራውን ተከፋፈሉ፤ አንዷ ልትናገር፣ አንዷ ልትስል። ሰዓሊዋ በትልቅ ካርቶን ላይ ሳንባን እንደ ሰፈር ሣለችው። ባክቴሪያዎቹ በየቤቱ የተደበቁ ሌቦች ሆኑ። ቲ ሴል የሚባሉት የሰውነታችን ወታደሮች ደግሞ ቁልቁለቱን እየወረዱ የሚመጡ የጭነት መኪናዎች። በእያንዳንዱ መኪና ላይ በቀይ ቀለም ፍሬን ሣለችበት። ፍሬኑ ቲ ሴሎቹ ላይ ያለ ሞለኪውል ነው፤ ሲነካ «በቃ፣ ረጋ በል» ይላቸዋል።

ሥዕሉ እንዳለቀ ግን ሰዓሊዋ ራሷ ማሳል ጀመረች። ተመረመረች፤ ቲቢ ሆነ። ክፍል ውስጥ «አክስቷ ጋ ሄደች» ተባለ። ከክፍሉ ልጆች እውነቱን የነገረችው ለራዲዮ ብቻ ነበር፣ በግቢያቸው በር በኩል፣ አፏን ሸፍና።

«የኔን ድርሻ እዚህ ጽፌዋለሁ» ብላ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠቻት። «ፍሬኑን እንዳትረሺ። ደግሞ... ለማንም እንዳትናገሪ፣ አደራ።»

«ብናገር ምላሴ ይቆረጥ!» አለች ራዲዮ።

ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቀችው። አነበበችው ወይ? ምኑን! መናገር ለሷ ብርቅ ነው? እዚያው ስደርስ ይመጣልኛል ብላ ተወችው።

በዚያ ጠዋት ልታቀርብ ስትቆም መጀመሪያ ላይ መጣላትም። ልጆቹ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ከዚያ መምህሩ ወደ ሥዕሉ ተጠግቶ ቀዩን ፍሬን በጠመኔው ነካ አደረገ።

«ባክቴሪያ እየወረረው የገዛ ወታደሮቹን የሚያስቆም ሰውነት አብዷል እንዴ? ይሄ ፍሬን ምን ያደርግለታል?»

አታውቅም። ዝም ማለት ደግሞ አልለመደባትም። ባዶውን ለመሙላት አፏ የመጣለትን ይዞ ወጣ፤ የመጣለትም የሰዓሊዋ ምሥጢር ነበር።

«ወይኔ፣ ከኮዳዋ ውሃ ጠጥቻለሁ!» አለች ከኋላ አንዷ። የሰዓሊዋ ወንበር አጠገብ የነበረው ልጅ ጠረጴዛውን ጎትቶ ራቀ። ነገሩን ከእናቷ የሰማው መምህሩ «ተረጋጉ፤ ልጅቷ መድኃኒቷን በደንብ ወስዳለች፤ ሐኪም አታስተላልፍም ብሏል፤ ሰኞ ትመለሳለች» አለ። ማን ሰምቶት! ባዶው ወንበር ብቻውን መሀል ላይ ቀረ። ራዲዮ አፈረች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በእረፍት ሰዓት ደረጃው ሥር ተደብቃ ወረቀቱን ዘረጋችው።

«ሰው ፍሬኑ ቢነሳ ባክቴሪያው ቶሎ የሚያልቅ ይመስለዋል። ግን ይህ ፍሬን የሌላቸው አይጦች በቲቢ ሲያዙ ከሌሎቹ ቀድመው ሞቱ። ወታደሮቹ አልቆም ብለው ሌባውን እናገኛለን ሲሉ ሰፈሩን አፈረሱት። ፍሬኑ ከበዛ ደግሞ ወታደሮቹ ይደክሙና ሌባው ይፈነጫል። በልኩ ሲሆን ነው ሳንባው የሚተርፈው።»

ከሥሩ በትንንሽ ፊደል እንዲህ የሚል ነበር፦ «ራዲዮዬ፣ እዚህ ጋ ስትደርሺ ትንሽ ዝም በይ፤ እንዲገባቸው።»

ወረቀቱን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

የክፍል አለቃው እዚያው አገኛት። ክፉ ልጅ አይደለም። «አታካብጂው ባክሽ» አላት። «አንቺ መሆንሽን አንነግራትም። መምህሩ ናቸው ያሉት እንላለን። ሰኞ ስትመጣ ራሷ ትሰማዋለች።»

ቀላል ነበር። ለአፍታ ደስም አላት፤ ደስ ስላላት ደግሞ ይበልጥ አፈረች።

ከሰዓት በኋላ የሰዓሊዋን በር አንኳኳች። የከፈተችላት እናቷ ናት። «ግቢ የኔ ልጅ! ስትጠብቅሽ ነው የዋለችው» አለቻት፤ ራዲዮ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

ሰዓሊዋ ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። የደንብ ልብሷን እየተኮሰች ነበር።

«ሰኞ ልመጣልሽ ነው እኮ! ሐኪሙ ፈቀደልኝ። አክስቴ ጋ ስላየሁት ነገር ውሸት ስፈበርክ ነው የዋልኩት፣ አንቺ ታርሚልኛለሽ» ብላ ሳቀች። «እስቲ ንገሪኝ፣ ፍሬኑ ጋ ስትደርሺ ምን አሉ?»

አጨበጨቡ ማለት ይቻላል። አንድ ቃል ናት። ራዲዮ የቦርሳዋን ማንገቻ መጠምዘዝ ያዘች።

«ምነው፣ ባትሪ ጨረስሽ እንዴ?»

«ፍሬኑ ጋ አልደረስኩም» አለች ራዲዮ። «ወረቀትሽን አላነበብኩትም። መምህሩ ሲጠይቁኝ ስለ ሕመምሽ ተናገርኩ። እኔ ነኝ የተናገርኩት። ሁሉም ሰምቷል።»

ሰዓሊዋ ካውያውን ቀስ ብላ አቆመችው። የሸሚዙን እጅጌ በጣቷ ይዛ ቀረች።

የራዲዮ ምላስ ጫፍ ላይ ብዙ ምክንያት መጣ፤ ደንግጬ ነው፣ ሳላስበው ነው፣ ለክፋት አይደለም። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጓደኛዋ የምትለውን ልትሰማ ጠበቀች።